መብራት የሄደበት ፊልም

አንዱን ፊልም መጀመሪያውን በሃያ አራት ዓመቴ አየሁት፤ መጨረሻውን ያየሁት ግን ባለፈው ወር፣ ስልሳ ሊሞላኝ ሦስት ዓመት ሲቀረኝ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የእህቴ ልጅ ሩቂያ ቤቷ ምሳ አብልታኝ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል ቴሌቪዥኑን ከፈተች። «ጋሼ፣ እንዳትተኛ። የድሮ ፊልም ነው፣ በአማርኛ ተተርጉሟል። ስለምን እንደሆነ ግን አልነግርህም፤ እንዲህ ያለውን ምንም ሳያውቁ ማየት ነው ደስ የሚለው» አለችኝ። ሩቂያ አስተማሪ ናት፤ ከእኔም ጋር ስታወራ ለተማሪ እንደምትናገረው ጣቷን ቀስራ ነው። ሳቅ አልኩና ዓይኔን ገለጥኩ። ጭጋግ የሸፈነው ባሕር መጣ። ከባሕሩ ዳር መስኮቱ የረዘመ ነጭ ቤት፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ከዚያ መነጽር ያደረገ፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ ያስተኛ ሰውዬ በትሪ ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት ይዞ ደረጃውን ሲወጣ። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። «ምነው ጋሼ፣ አመመህ እንዴ?» አለች። «ኧረ ደኅና ነኝ፣ ብርዱ ነው» አልኳት። ብርድ አልነበረም። ያንን ሰውዬ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እሷ ገና የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እናቷም በሕይወት ሳለች ነበር።

ያኔ ሐይቅ በምትባለው ከተማችን ውስጥ ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው በጋሪ ነበር የሚሄደው፤ ከጋሪዎቹም አንዱ የእኔ ነበር። ዳማ ፈረስ ነበረኝ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ክር ያሰርኩለት። ሰው በሃምሳ ሳንቲም እጭናለሁ፣ እህል ከሆነ በኩንታል እንነጋገራለን። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር። የተጠበሰ ቆሮሶ፣ ያ የሐይቃችን ዓሣ፣ በአዋዜና በሎሚ አንድ ብር ከሃምሳ። ሱሪያችን ቴትሮን፣ ጫማችን የላስቲክ ኮንጎ፣ ቤት ስንገባ ደግሞ ሽርጥ። መስከረም ሊያልቅ ሲል የግሸን ተሳላሚ በአውቶቡስ ላይ አውቶቡስ እየሆነ ሲያልፍ እኛ እስላሞቹ መንገድ ዳር ወጥተን ውሃ እናቀብል ነበር፤ እነሱም በመስኮት እጃችንን ይዘው ሳይመርቁን አያልፉም። መንግሥት ተቀይሮ ብዙ አልቆየም ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ፤ የሻዩን ዋጋ ግን አልሳሳትም። ዛሬ ጋሪ እናቆምበት የነበረው ቦታ ላይ የሞባይል መሸጫ ቆሟል። እኔም ጋሪውን ትቼ ወፍጮ ቤት ሠርቼ፣ ጡረታ የሌለው ሰው ጡረታ ወጥቼ፣ በዚያ በኩል ሳልፍ እግሬ በገዛ ፈቃዱ ቀስ ይላል።

እህቴ ዘሀራ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። እሷ ያልተገኘችበት ሰርግ አይሞቅም ነበር። ድምጿ ወፍራም ነው፤ በአምባሰል ስታንጎራጉር ሽማግሌዎች እንኳ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። አንድ ቀን የጎረቤት ሰርግ ላይ ከበሮ እየመታች ሳለ ወደቀች። ጥርሷን ነክሳ፣ ዓይኗ ተገልብጦ፣ አረፋ ደፈቀች። ጅን ነው ተባለ፤ ቁርአን ተቀራባት፣ ውሃ ተረጨባት። ደጋግሞ ሲጥላት ባሏ እንድሪስ ማንንም ሳያማክር ይዟት ደሴ ሄደ፤ «የሚጥል በሽታ ነው፣ ክኒኑን አንድም ቀን ሳታቋርጥ ትውሰድ» ተብሎ ተመለሰ። እንድሪስ የውጫሌ ሰው ነው፣ ልብስ ሰፊ። ከእኔ ዐሥር ዓመት ይበልጣል። ስፒል በአፉ ይዞ ስለሚውል ይሁን ወይ ጠባዩ ሆኖ አላውቅም፣ ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል አይናገርም። ክኒኑ ከተጀመረ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘሀራ አንድም ቀን አልወደቀችም። ነገር ግን እንቅልፋም ሆነች። ንግግሯ ዘገየ። ሰርግ ስትጠራ «ደከመኝ» ትላለች። እናታችን እዚያው ግቢ ትንሿ ቤት ውስጥ ትኖራለች፤ እኔ ግን ከእነሱ ጋር ነበርኩና ማታ ማታ የሚደረገውን አያለሁ። ክኒኑን ስትውጥ ስለሚያስመልሳት እንድሪስ በማንኪያ ጀርባ ይደቁሰውና በወተት በጥብጦ ይሰጣታል። ሕፃኗ እንዳታገኘው ብሎም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን በአንገቱ ያንጠለጥላል። ይህን ሁሉ እያየሁ ሁለት ዓመት ምንም አላሰብኩም።

ቪዲዮ ቤቱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነበር። አግዳሚ የተደረደረበት የጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ውስጡ ይጨልማል። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። ብዙውን ጊዜ የህንድ ወይ የካራቴ ነው የሚያሳየን። ያን ቀን ካሴቱ ልባሱ የወለቀ ነበር። «የምንድን ነው?» ስንለው ባለቤቱም «እኔ ምን አውቄ፣ የፍቅር ሳይሆን አይቀርም፣ አብረን እንየው» አለን። ስሙን አላወቅን፣ ቋንቋውን አልሰማን። መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር፤ ባልና ሚስቱ ይዋደዳሉ። ቆይቶ ግን ሰውዬው በየማታው ያቺን ብርጭቆ ይዞ መውጣት ጀመረ። ነጭ ዱቄት ይጨምርበታል። ሴትዮዋ ትጠጣለች፣ ትተኛለች። እሱ ወርዶ አንድ ክፍል ይከፍትና ይቆልፋል፤ ደግሞ በጓሮው ይቆፍራል። እኛም አግዳሚው ላይ ወደ ፊት ተጠጋን። አንዱ «አትጠጪ!» ብሎ ጮኸ፣ ሁላችንም ተከትለን «አትጠጪ! አትጠጪ!» አልን። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ «አይ፣ ይቺ ሴት ምነው፣ ወንድም እንኳ የላትም?» አሉ። ሴትዮዋ ቁልፉን ሰርቃ ያን ክፍል ልትከፍት እጇን ዘረጋች። መብራት ሄደ።

ሰዉ እየተሳደበ ወጣ። «ነገ ኑ፣ ትጨርሳላችሁ» ተባልን፤ በነጋታው ካሴቱ ወደተከራየበት ኮምቦልቻ ተመልሷል አሉን። ለሌላው ሰው ነገሩ እዚያው አለቀ። ሲሳቅበት ሰነበተ። እኔ ግን ጋሪዬን እየነዳሁ የሽማግሌው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፤ ወንድም የላትም? ያን ማታ ቤት ገብቼ እንድሪስ ማንኪያውን ሲያነሳ እጁን አየሁት። ዱቄቱ ወተቱ ውስጥ ሲወርድ አየሁ። ዘሀራ ስትጠጣ፣ ዓይኗ ሲከብድ፣ እሱ ሳጥኑን ሲቆልፍ። ከሁለት ዓመት በፊት ሳቅ በሳቅ የነበረች ሴት እኮ ናት! የምንኖርበት ቤት የአባታችን ነው፣ በእሷ ስም ነው። እሱ ደግሞ የመጣው መቀስና የስፌት መኪና ይዞ ነው። አንዴ እንዲህ ካሰብኩ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ተገጣጠመልኝ። ዝምታው ተንኮል ሆነብኝ። ትዕግሥቱ ራሱ ተንኮል ሆነብኝ። ከአንድ ሰው ጋር ባወራው ኖሮ «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?» ይለኝ ነበር። ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ከውጫሌ የእንድሪስ እናት ታመው መልእክት መጣ። ጠዋት ሊሄድ ሲነሳ ጠራኝና ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ በእጄ አስቀመጠው። በወረቀት የተጠቀለሉ ትናንሽ ነገሮች አሳየኝ። «ይማም፣ አደራ። ማታ ማታ አንዷን ትሰጣታለህ። ግማሽ ግማሽ ክኒን ነው። እንቅልፉ ሲበዛባት አሳዘነችኝና ከወር ወዲህ ግማሽ ቀንሼላታለሁ። አንድም ማታ እንዳትረሳ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ዓይኑን አላየሁትም።

በዚያው ማታ ወረቀቱን ፈታሁና ውስጡ ያለውን ሽንት ቤት ጨመርኩት። ወተቱን ብቻ ሰጠኋት። ሁለተኛውንም ማታ እንዲሁ። ሦስተኛውንም። ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ እህቴ ነቃች። ሦስተኛው ቀን ላይ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ ግቢውን እየጠረገች ስታንጎራጉር ሰማኋት። ቀና ብላ «አንተ ይማም፣ ዛሬ ዓይኔ የተገለጠልኝ መሰለኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። በማርያም በገብርኤል የሚምለው ክርስቲያኑ ጓደኛዬ እንኳ ጋሪዬ ላይ ተቀምጦ «ዘሀራ ዛሬ እንደ ድሮዋ ሆናለች» አለኝ። ያን ጊዜ ያልኩትን አልረሳውም። በሆዴ «ያዝኩህ እንድሪስ» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የኮራሁበት ቀን የለም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሩቂያን አዝላ የልጅ ልብስ ልታጥብ ወደ ሐይቁ ወረደች። ልጅቱን ሣሩ ላይ አስቀምጣ፣ እሷ ጎንበስ እንዳለች ጣላት። ሌሎቹ ሴቶች ራቅ ብለው ነበር፤ የሕፃኗን ልቅሶ ሰምተው እስኪደርሱ በግንባሯ ውሃው ውስጥ ተደፍታለች። ውሃው ከጉልበት አያልፍም። እኔ እህል ጭኜ ከአስፋልቱ ስታጠፍ ነው አንዲት ሴት ነጠላዋ ወድቆ እየሮጠች «ይማም! እህትህን! እህትህን!» ስትል የሰማኋት። ፈረሱን እዚያው ለቅቄ ሮጥኩ። ስደርስ ፊቷን በሻሽዋ ሸፍነውታል።

እንድሪስ ከቀብር በፊት ደረሰ። ለቅሶ ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በቀስታ፣ «ሰጥተሃታል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ። «ሦስቱንም ማታ።»

እስካሁን ድረስ ይህቺ «አዎ» ከየት እንደወጣች አላውቅም። እሱ ግን አመነኝ። ሁለት እጁን ግንባሩ ላይ ጫነና ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «እንግዲያው እኔ ነኝ! ግማሹን የቀነስኩባት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገደልኳት!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ሰማች። ከጀናዛው ተመልሰን ሦስት ቀን እንዳለፈ «ልጄን መድኃኒት ከልክሎ የገደለ ሰው እዚህ ግቢ አያድርም» አለች። ሽማግሌ ቢገባም አልሰማችም። እንድሪስ አልተከራከረም። የስፌት መኪናውን በእኔው ጋሪ ላይ ጫንኩለት፤ አስፋልቱ ድረስም ወሰድኩት። መኪና ላይ ሊወጣ ሲል «ልጄን አደራ» አለኝ። ሁለተኛ አደራ።

ሩቂያን እናቴና እኔ አሳደግናት፤ እናቴ ከሞተች በኋላም እኔው። ትዳር ያልያዝኩት ለእሷ ብዬ እንደሆነ ሰዉ ያወራል፣ ይመርቀኛል፤ እኔም ዝም እላለሁ። አባቷን «እናቴን መድኃኒት የነፈጋት ሰው» ብላ ነው የምታውቀው። ልጅ ሳለች በዒድ ልብስ ሰፍቶ ይልክላት ነበር። አትለብሰውም። ካደገች በኋላ ሁለት ጊዜ ሊጠይቃት መጥቶ በር ላይ አናግራ መልሳዋለች። እኔስ? እኔ ያን ሁሉ ዓመት በምን ተኛሁ? በዚያ ፊልም ነው የተኛሁት። ልቤ ሲወቅሰኝ «ምናልባት እኮ እውነቴን ይሆናል» እላለሁ። ምናልባት እንድሪስ ቀድሞ ጎድቷት ይሆናል፣ የሞተችው ከዚያ የተነሣ ይሆናል። ሴትዮዋ እጇን ወደ በሩ ዘርግታ መብራት ሄዷላ! በሩ ኋላ ምን እንዳለ ያየ የለም። እኔ እዚያ በር ኋላ የፈለግኩትን አስቀምጬ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖርኩ።

ባለፈው ወር፣ እሑድ፣ በሩ ተከፈተ። ከክፍሉ ውስጥ ክብሪት፣ ጋዝና የተቃጠለ ቤት ፎቶግራፍ ነበር። ሴትዮዋ በእንቅልፍ ልቧ እየተነሣች ቤት የምታቃጥል በሽተኛ ኖራለች፤ እናቷ የሞተችውም እንደዚያ ነው። እሷ አታውቀውም። ባልየው ነው የደበቀላት። ዱቄቱ የሐኪም መድኃኒት ነው። የሚቆፍረውም እሷ በጓሮው የቀበረችውን ጋዝ እያወጣ ሲደፋ ነው። በመጨረሻ ሴትዮዋ ወተቱን ሳትጠጣ ትደፋዋለች፣ ቤቱ ይነድዳል፣ ሰውዬው እሷን አውጥቶ ራሱ ይቀራል። ሩቂያ እንባዋን ጠርጋ «አየህ ጋሼ፣ ስንጠረጥረው የነበረው ሰውዬ!» አለችኝ። እሷ ሳቅና ለቅሶ ቀላቅላ ነበር። እኔ ጫማዬን ፈልጌ ማግኘት አቃተኝ።

ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ውጫሌ ሄድኩ። እንድሪስ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጧል። ጢሙ ነጭ ሆኗል፣ መነጽሩ ወፍራም ነው። «አሰላሙ አለይኩም» ብሎኝ ወንበር ሳበልኝ። የሩቂያን ደኅንነት ጠየቀ። እኔ ሳልቀመጥ ነገርኩት። ወረቀቶቹን፣ ሽንት ቤቱን፣ ሦስቱን ማታ፣ «አዎ» ያልኩትን። የመኪናውን መርገጫ የሚረግጠው እግሩ ቆመ።

«ለምን?» አለ።

«ፊልም አይቼ።»

«ምን?»

«ፊልም፣ ጋሼ። ሚስቱን መድኃኒት የሚያጠጣ ሰው አይቼ፣ አንተ መሰልከኝ።»

የሚሰፋውን ጨርቅ ከመርፌው ሥር አወጣ። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪናዎች ያልፋሉ። ከዚያ «ግማሿን ክኒን» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ያቺን ግማሽ ክኒን ዕድሜዬን ሙሉ በሕልሜ ስሰጣት ነበር። ሙሉውን ብሰጣት ኖሮ እያልኩ። ሌላ ሚስት መጣችልኝ፣ እሷም ብትታመም በእጄ እገድላታለሁ ብዬ ሳላገባ ቀረሁ።»

«አፉ በለኝ፣ ማረኝ» አልኩና ጎንበስ አልኩ።

«አፉ ለማለት አፍ ብቻ አይበቃም፣ ይማም። ዛሬ የለኝም። አላህ ከሰጠኝ አንድ ቀን እልሃለሁ።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ቀና ብዬ ልሄድ ስል ግን ጠራኝ። «ለሩቂያ እንዳትነግራት።»

«እንዴት አልነግራትም? አባቷን እኮ...»

«እኔን ጠልታ ነው ያደገችው፣ ለምጄዋለሁ። አንተን ከጠላች ግን ማን ይቀራታል? ተው።»

እሱ ካለ ልተው ብዬ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ «የነገሩ ባለቤት ተው ብሎኛል» እያልኩ መጣሁ። ሐይቅ ስወርድ ግን ሩቂያ ከትምህርት ቤት ወጥታ፣ የተማሪ ደብተር አቅፋ፣ አስፋልቱን ስትሻገር አየሁ። አካሄዷ የእናቷ ነው። እሷን እያየሁ፣ እንድሪስ ዛሬም ሊሸከምልኝ እንደተዘጋጀ ገባኝ፤ እኔም ደግሞ ላሸክመው ነው። ተከትያት ቤቷ ገባሁ፤ ደብተሩን ሳታስቀምጥ ነገርኳት።

ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ «ሦስቱንም ማታ?» አለች።

«ሦስቱንም።»

«እሱስ ያውቃል?»

«ዛሬ ነገርኩት። እንዳልነግርሽ ለምኖኛል።»

ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አንዱ ወደቀ፣ አላነሣችውም። «የእሱን ስልክ ቁጥር ስጠኝ» አለች። ቁጥሩን ሰጠኋት። ወደ ግቢው ወጥታ ደወለች። ከውስጥ ሆኜ «እኔ ነኝ አባዬ፣ ሩቂያ ነኝ» ስትል ሰማሁ። ሌላውን መስማት የእኔ አልመሰለኝምና በጓሮ በኩል ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ውጫሌ ትሄዳለች። ምሳዬን በባጃጅ ትልክልኛለች፤ እሷ ግን አትመጣም። ሳህኖቹ ሲጠራቀሙብኝ ትናንት አጥቤ ይዤላት ሄድኩ። በሩን ከፈተችና ሳህኖቹን ከእጄ ተቀበለች። ግባ አላለችኝም። በሩንም አልዘጋችውም፤ ወደ ውስጥ ገብታ ሥራዋን ቀጠለች። እኔም የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ።